የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ሞተር ፍላይዊል አገጣጠም፦ ዳዶው እንዳይላላ፣ ኪይዋ እንዳትቆረጥ

ሞተሩ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ሪንግ ተቀይሮለት ይገጠምና ገመዱ ሲጎተት እጅ ይመታል። ወይም ካርቡራተሩ ወደ ኋላ ይተፋል። ወይም ደህና ተነስቶ ጥቂት ቀን ይሠራና ውሃ እየሳበ እያለ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ሲከፈት የፍላይዊሉ፣ ማለትም ማግኔት የተገጠመበት ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ፣ ኪይ ለሁለት ተቆርጣ ትገኛለች፤ ኪይ የምንላት ግማሽ ክብ የመሰለች ትንሽ ሽብልቅ ናት። አዲስ ኪይ ይገባል፣ እሷም ትቆረጣለች። ከዚያ ካርቡራተር ይታጠባል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ይገዛል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ፍላይዊሉ ሲመለስ በተዘለለ አጭር ሥራ ላይ ነው።

ፍላይዊሉን፣ ጋራዥ ቮላኖ የሚሉትን፣ ከክራንኩ፣ ማለትም ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ጋር አንድ አድርጎ የሚይዘው ኪይዋ አይደለችም። የሚይዘው የክራንኩ ሾጣጣ ጫፍ ከፍላይዊሉ ሾጣጣ ቀዳዳ ጋር ብረት ለብረት ሲነክስ ነው፤ አጥብቆ የሚያስነክሰው ደግሞ የክራንኩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ዳዶ። የኪይዋ ሥራ ፍላይዊሉን በትክክለኛ ቦታው ማስቀመጥ ብቻ ነው። ማግኔቱ ኮይሉ ፊት የሚደርስበት ቅጽበት፣ ማለትም እሳት የሚሰጥበት ሰዓት፣ በእሷ ይወሰናል። ኪይ ከተቆረጠ ሾጣጣው ተንሸራቷል ማለት ነው። ምስማር ወይም የመሰርሰሪያ ስባሪ ሞርዶ «የማትቆረጥ ኪይ» መሥራት መንሸራተቱን አያቆመውም፤ ቀጥሎ የሚሰነጠቀው ፍላይዊሉ ወይም ክራንኩ ይሆናል።

ቁጥሮቹ ለየትኛው ሞተር ናቸው?

እዚህ የምሰጣቸው ልኮች የሆንዳ ጂኤክስ 160 ናቸው፤ ባለ አራት ስትሮክ፣ 163 ሲሲ የቤንዚን ሞተር። ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች የውሃ ፓምፕ ላይ፣ ትንንሽ ጄኔሬተር ላይ፣ የኮንክሪት ቫይብሬተር ላይ የምታዩት እሱን ወይም ቅጂውን ነው። 168ኤፍ የሚል የተጻፈባቸው የቻይና ሞተሮች በአብዛኛው የእሱን አሠራር የተከተሉ ናቸው። 188ኤፍ የሚለው 389 ሲሲ ነው፤ ዳዶውም የሚጠብቅበት ጉልበትም ይበልጣል፤ የዚህን ቁጥር ለእሱ አትጠቀሙ። የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተር ኪይ ሆን ተብሎ ከለስላሳ ማዕድን የተሠራች ናት፤ በሷ ፋንታ ጠንካራ የብረት ኪይ አታስገቡ። ለሌላ ሞተር ቅደም ተከተሉን ከዚህ፣ ቁጥሩን ከራሱ መጽሐፍ ውሰዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚዘጋጅ

- 19 ቡሶላና ረጅም እጀታ፣ ለኮይሉ ብሎኖች 10 ቁልፍ
- ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ (ከሌለ ደረጃ 6 ላይ መላ አለ)
- ፍላይዊሉን ጠርዙ ላይ የሚይዝ የቀበቶ ቁልፍ፣ ወይም እንደ ጣት የወፈረ ለስላሳ ናይለን ገመድ
- 0.4 ሚሊ ሜትር ያለው ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል)
- ካሊፐር፣ ከሌለ ቀጥ ያለ ስንጥር
- ፋርማሲ የሚሸጥ አልኮል ወይም የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ ክር የማይለቅ ነጭ ጨርቅ
- አዲስ ኪይ፣ የሞተሩን ሞዴል ተናግራችሁ የገዛችሁት
- የአፍንጫና የዓይን መከላከያ

ኪይዋን ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብትቆረጥም ግማሿ ውፍረቷን ታሳያለች። የተጠቀማችሁባትን መልሳችሁ አትግጠሙ።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን አደጋ የሌለው አድርጉት

1. የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ማጥፊያው አድርጉ።
2. የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ፤ ካንዴላውንም ፍቱ። ካንዴላ የሌለው ሞተር ቢዞርም አይነሳም፣ በእጅም ቀሎ ይዞራል።
3. ሞተሩን ከጠረጴዛ ወይም ከራሱ ፍሬም ጋር በብሎን እሰሩ። መሬት ላይ በጉልበት ተይዞ ዳዶ አይጠብቅም፤ ሞተሩ ሲገለበጥ እግር ላይ ያርፋል።
4. ቦታው አየር የሚገባበት ይሁን። ቤንዚን ባለበት ከሰልም ሲጋራም አይኑር።

ደረጃ 2፦ ፍላይዊሉን መርምሩ

ከመታጠቡ በፊት ማግኔቶቹን እዩ። ወርክሾፕ ወለል ላይ ያረፈ ፍላይዊል የብረት ብናኝ፣ ሮንዴላ፣ አንዳንዴም ሙሉ ብሎን ለጥፎ ይነሳል። ማግኔቱ ላይ የቀረች ትንሽ ብረት ኮይሉን በመጀመሪያው ዙር ትልጠዋለች። ብናኙን በጨርቅ አትጥረጉ፤ ይንሸራተታል እንጂ አይወጣም። የፕላስተር ወይም የስኮች ቴፕ ማጣበቂያ በኩል ለጥፋችሁ አንሱት።

ቀጥሎ ታጥቦ ሲደርቅ እነዚህን በጥሩ ብርሃን ተመልከቱ፦

- የኪይ ማስገቢያው ጥግ። ስንጥቅ የሚጀምረው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዚህ ነው። ፀጉር የሚያህል መስመር ካያችሁ በጥፍር ዳብሱት፤ ጥፍር ከያዘው ፍላይዊሉ አይገጠምም። አይበየድም።
- የኪይ ማስገቢያው ስፋት። አዲሷ ኪይ ገብታ ወደ ግራና ቀኝ የምትወዛወዝ ከሆነ ማስገቢያው ተበልቷል።
- የማግኔቶቹ ይዞታ። በጣት ገፋ አድርጉ፤ የሚነቃነቅ ካለ መጣል ነው።
- የፕላስቲክ ማራገቢያው ክንፎች። አንድ ክንፍ የጎደለው ማራገቢያ ሚዛን ያዛባል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ስንጥቅን አቅልሎ የሚያይ ሰው ይህን ሒሳብ ይሥራ፦ ዲያሜትሩ 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍላይዊል በደቂቃ 3600 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ የተፈነጠረ ብረት ቀጭን የላሜራ ሽፋን አያቆመውም።

ከክራንኩ በኩል ደግሞ ከሾጣጣው በስተጀርባ ያለውን የዘይት ሲል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት፣ እዩ። ዙሪያው እርጥብ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩት። የሚያንጠባጥብ ሲል ሾጣጣው ላይ ዘይት ይረጫል፤ ያጸዳችሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፣ ሲሉን ለመቀየርም ፍላይዊሉ እንደገና መነቀሉ አይቀርም።

ደረጃ 3፦ ሾጣጣውን አጽዱ፣ ከዚያ ፈትኑ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና አትቸኩሉ።

1. የክራንኩን ሾጣጣና የፍላይዊሉን ቀዳዳ መጀመሪያ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ እጠቡ።
2. ደረቅ ጨርቅ ብቻ አይበቃም። ነጭ ጋዝ ቀጭን የቅባት ሽፋን ትቶ ይሄዳል፤ በዓይን አይታይም። ሁለቱንም በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ ጥረጉ፤ ነጩ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጨርቁን እየቀየራችሁ ድገሙ።
3. ከዚህ በኋላ ሾጣጣውን በእጅ አትንኩ። ዘይት፣ ግሪስ፣ ሲሊኮን፣ ማጣበቂያ፣ ምንም አይቀባም። «በኋላ ሲነቀል እንዳያስቸግር» እየተባለ ግሪስ የሚቀባበት ልማድ አለ፤ ኪይ የሚያስቆርጠው እሱ ነው።
4. ዝገት ካለ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በክራንኩ ዙሪያ ጠቅልላችሁ በእኩል አሻሹት። በሞረድ አትንኩት። ኪይዋ ስትቆረጥ የተነሳ ጉብታ ካለ ግን ጉብታውን ብቻ በጥሩ ሞረድ ዝቅ አድርጉ።

አሁን መነካካቱን ፈትኑ። በማርከር እስክሪብቶ የክራንኩ ሾጣጣ ላይ ከጫፍ እስከ ሥሩ አራት መስመር አስምሩ። ኪይ ሳታስገቡ ፍላይዊሉን አስገቡ፣ በሁለት እጅ ተጫኑት፣ ጥቂት ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩት፣ ንቀሉት። መስመሮቹ ከላይ እስከ ታች ከተፋቁ ተስማምተዋል። ላይኛው ጫፍ ብቻ ወይም ሥሩ ብቻ ከተፋቀ ፍላይዊሉ የተንጠለጠለው በቀጭን ቀለበት ላይ ነው፤ ዳዶውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት ይለቃል።

መስመሩ በከፊል ብቻ ተፋቀ እንበል። ቫልቭ የሚፈጭበትን ማዳቀቂያ ሙጫ፣ ጥሩውን ዓይነት፣ ስስ አድርጋችሁ ሾጣጣው ላይ ቀቡ። ኪይ ሳይኖር ፍላይዊሉን አስገቡና በእጅ ግፊት ብቻ ሩብ ዙር ወዲያ ሩብ ዙር ወዲህ እያደረጋችሁ፣ በየጥቂቱ እያነሳችሁና ቦታ እየቀየራችሁ አሻሹት። ሙሉው ገጽ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን አቁሙ። ከዚያ ሙጫውን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት አጽዱ፤ የዘይት ሲሉን ከንፈርና የኪይ ማስገቢያውን በተለይ። በዚህ ጊዜ ሲሉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ብትሠሩ ይሻላል፤ ሙጫው ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይፈጨዋል። ፈጭታችሁም ፍላይዊሉ አሁንም በእጅ ስትይዙት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መፍጨት አያድነውም።

ደረጃ 4፦ ጥልቀቱን ያለ ኪይ ለኩ

ይህን ልኬት የሚሠራ ብዙ መካኒክ አላየሁም፤ ጊዜ አይወስድም፣ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ኪይ ሳታስገቡ ፍላይዊሉን በሾጣጣው ላይ አስቀምጡና ተጫኑት። ከክራንኩ ጫፍ እስከ ፍላይዊሉ እምብርት ፊት ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ፤ ካሊፐር ከሌለ ስንጥሩን አስገብታችሁ በጥፍር ምልክት አድርጉበት። ልኩን ጻፉት።

ኪይዋ ከገባች በኋላ ይህንኑ እንደገና ትለካላችሁ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ክራንኩ ያነሰ ወጥቶ ከታየ ኪይዋ ከማስገቢያዋ ተነስታ ፍላይዊሉን በአናቷ ይዛዋለች፤ ሾጣጣው አልነካም። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል፣ ዳዶውም ይጠብቃል።

ደረጃ 5፦ ኪይዋንና ፍላይዊሉን አስገቡ

1. የኪይ ማስገቢያው ወደ ላይ እስኪዞር ክራንኩን አዙሩ። ጎን ላይ ከሆነ ኪይዋ ትወድቃለች፤ ማግኔቱ ካልጎተታት ማለት ነው።
2. ግማሽ ክብ የመሰለችውን ኪይ ሆዷን ወደ ታች አድርጋችሁ አስገቡ። በትንሽ እንጨት ወይም በነሐስ መታ መታ አድርጓት። ተመትታም ካልገባች ማስገቢያው ውስጥ የአሮጌዋ ስባሪ አለ ማለት ነው፤ በመርፌ ጫፍ ፈልጉት።
3. አቀማመጧን ከጎን እዩ። ጀርባዋ ከክራንኩ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ከተጋደለች ደግሞ በዳዶው በኩል ያለው ጫፏ ዝቅ ያለው ይሁን። በዳዶው በኩል ያለው ጫፍ ከፍ ካለ ፍላይዊሉ ሲገባ ይገፋትና ትነሳለች።
4. ኮይሉ ገና ያልተገጠመ ቢሆን ይመረጣል። ከተገጠመ ብሎኖቹን አላልታችሁ ወደ ኋላ ስቡትና አስሩት።
5. ከፍላይዊሉ ጀርባ የመብራት ወይም የባትሪ መሙያ ጥቅል ያለው ሞተር ከሆነ ሽቦዎቹ በማቀፊያቸው ውስጥ መሆናቸውን አረጋግጡ። የተንጠለጠለ ሽቦ ፍላይዊሉ ይበላዋል።
6. ፍላይዊሉን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ጎድጎዱን ከኪይዋ ጋር አገጣጥማችሁ አስገቡ። በመዶሻ አትምቱት። ከተመታ ማግኔቱ ይለቃል፣ ክራንኩ ወደ ውስጥ ይገፋል። በእጅ ካልገባ ኪይዋ ተነስታለች፤ አውጥታችሁ ከሁለተኛው ነጥብ ጀምሩ።
7. ጥልቀቱን ለኩ። ከደረጃ 4 ልክ ጋር ካልተስማማ ወደ ፊት አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ ማራገቢያ፣ ጽዋና ዳዶ

የፕላስቲክ ማራገቢያው ከጀርባው የወጡ ጉጦች አሉት፤ ፍላይዊሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባሉ። ማራገቢያው በጣት ሲነካ የማይሽከረከርና ፊቱ እኩል የተኛ መሆን አለበት። ከዚያ የማስነሻ ገመዱ የሚይዘው የላሜራ ጽዋ ይመጣል። እሱም ማመሳከሪያ ጉጥና ቀዳዳ አለው፤ ጉጡ ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ ዳዶው ከጠበቀ ጽዋው ይጣመማል፣ ማራገቢያው ይሰነጠቃል፣ ዳዶውም የጠበቀው በፕላስቲክ ላይ ስለሆነ ሲሞቅ ይላላል። ዳዶውን በእጅ እስከ መጨረሻው አዙሩ። በእጅ እስከ ሥሩ የማይሄድ ዳዶ ጥርሱ ቆሽሿል ወይም ተጋድሏል፤ ቁልፍ አታስገቡበት።

*ሳይዞር መያዝ*

ዳዶው ሲጠብቅ ክራንኩ አብሮ እንዳይዞር መያዝ አለበት። የሚመረጠው የቀበቶ ቁልፍ ነው፤ ቀበቶውን በብረቱ ጠርዝ ላይ ጠምጥሙ፣ የፕላስቲክ ክንፍ ላይ አይደለም። በክንፎቹ መሀል ካቻቢቴ መሸጎር የተለመደ ነው፤ ክንፍ ይሰብራል፣ ከተንሸራተተም መዳፍ ይበሳል።

ቀበቶ ከሌለ ገመድ። አውራ ጣታችሁን በካንዴላው ቀዳዳ ላይ አድርጋችሁ ፍላይዊሉን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በቀስታ አዙሩ። አየር አውራ ጣታችሁን መግፋት ሲጀምር አቁሙ፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል፣ ፒስተኑ ወደ ላይ እየመጣ ነው። አሁን ናይለን ገመዱን በቀዳዳው እያጠፋችሁ አስገቡ፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ኑሮት ውጭ ይቅር። ስታጠብቁ ፒስተኑ ገመዱን ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር ይጫነውና ይቆማል። ዳዶ ለመፍታት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ገመዱ ይገባል።

ይህን የገመድ ዘዴ በሁለት ስትሮክ ሞተር ላይ፣ ለምሳሌ በእንጨት መቁረጫ መጋዝ ላይ፣ ሳታስቡ አትጠቀሙ። የሲሊንደሩ ጎን ላይ ያለው የጭስ መውጫ ቀዳዳ ገመዱን ይነክሰውና ይቆርጠዋል። በየትኛውም ሞተር ላይ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ ካቻቢቴ ወይም ብሎን አይገባም፤ ፒስተን ይበሳል።

*ማጥበቅ*

ለጂኤክስ 160 ዳዶው የሚጠብቀው በ75 ኒውተን ሜትር ነው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት እርከን አድርጉት፦ 30፣ 50፣ 75። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ የሚመታ ሽጉጥ አትጠቀሙ፤ ምን ያህል እንዳጠበቀ አይናገርም፣ ምቱም ለማግኔቱም ለጥርሱም ጥሩ አይደለም።

ቶርክ ሬንች የለም? በባቱና በመቂ ዙሪያ ማሳ ዳር ላይ ፓምፕ የሚጠግን ሰው እንደማይኖረው አውቃለሁ። እንዲህ አድርጉ። 75 ኒውተን ሜትር ማለት ከዳዶው መሀል 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ የተንጠለጠለ 15 ኪሎ ማለት ነው። የቡሶላውን እጀታ በቱቦ አስረዝሙ፣ ከዳዶው መሀል በሜትር ለክታችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት እጀታው ወደ ቀኝ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን። ጀሪካን ውስጥ 14 ሊትር ውሃ ሙሉ፤ ባዶ ጀሪካን ራሱ ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ምልክቱ ላይ በገመድ አንጠልጥሉና በቀስታ ልቀቁት፤ አትወርውሩት፣ አትጫኑት። እጀታው ከወረደ አንሱና እንደገና ትይዩ አድርጋችሁ ድገሙ። ጀሪካኑ ተንጠልጥሎ እጀታው ከትይዩው ሳይወርድ ሲቆም ልኩ ደርሷል። ቱቦው የራሱ ክብደት ስላለው ውጤቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቀላል ቱቦ ምረጡ። «እጄ ያውቀዋል» ከሚል ሰው ጀሪካኑን አምናለሁ።

ሲጨርሱ ገመዱን አውጡ፣ ሙሉ መውጣቱን እዩ። በጥፍር ቀለም ወይም በማርከር ከክራንኩ ጫፍ ተነስቶ በዳዶው ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በኋላ ዳዶው ተንቀሳቅሶ እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው።

ደረጃ 7፦ ኮይሉን አስተካክሉ

1. ማግኔቱ ከኮይሉ በተቃራኒ እስኪሆን ፍላይዊሉን አዙሩ። ኮይሉን በሁለቱ ብሎኖች ሳታጠብቁ ግጠሙ፣ ከፍላይዊሉ አርቃችሁ።
2. ማግኔቱን አዙራችሁ ኮይሉ ፊት አምጡ።
3. 0.4 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ በሁለቱ መካከል አስገቡ። የሚፈቀደው ከ0.2 እስከ 0.6 ነው። ፊለር ከሌለ የቢዝነስ ካርድ ይሆናል፤ ደረቅና ያልታጠፈ ይሁን።
4. ኮይሉን ልቀቁት፤ ማግኔቱ ራሱ ስቦ ይለጥፈዋል። ሁለቱንም የኮይል እግሮች እኩል መንካታቸውን አይታችሁ ብሎኖቹን አጥብቁ።
5. ፍላይዊሉን አዙራችሁ ጌጁን አውጡ። አንድ ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። የትም ቦታ መቧጨር መኖር የለበትም።
6. የማጥፊያው ሽቦ በሽፋኑና በሞተሩ መሀል እንዳይቆነጠጥ መንገዱን አስይዙት። የተቆነጠጠ የማጥፊያ ሽቦ ከመሬት ጋር ይገናኝና እሳት ያጠፋል፤ ከዚያ ሰው ኮይሉን ይወቅሳል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ጉተታ

ሽፋኑን ሳትገጥሙ አታስነሱ። «ለአንድ ደቂቃ ልየው» አይሠራም፦ ሽፋኑ የማራገቢያውን አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚመራው እሱ ነው፣ እጅም ከሚዞረው ብረት የሚጠበቀው በእሱ ነው።

መጀመሪያ ካንዴላው እንደወጣ፣ ማጥፊያው እንደተዘጋ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ጎትቱ፤ የሚንቋቋ ወይም የሚቧጭር ድምፅ ካለ ሽፋኑ ተነካክቷል። ከዚያ ካንዴላውን ግጠሙ፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዘይቱን እዩ። ቤንዚኑን ክፈቱ፣ ማብሪያውን አብሩ።

ገመዱን ስትጎትቱ እጀታውን በጣቶች ብቻ ያዙ፣ እጅ ላይ አትጠምጥሙት። እሳቱ ሰዓቱን ከሳተ ገመዱ በኃይል ይመለሳልና ያልታሰረ እጅ ይለቀዋል፣ የታሰረ እጅ ይሰበራል። ከፍላይዊሉ ትይዩ አትቁሙ፤ ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ከተነሳ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት በዝቅተኛ ፍጥነት ይሥራ። አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላውን ኮፍያ ንቀሉ፣ የገመድ ማስነሻውን ፍቱና ያሰመራችሁትን መስመር እዩ። ቀጥ ካለ ጨርሳችኋል። ከተሰበረ ዳዶውን ብቻ አጥብቃችሁ አትዝጉት፤ ፍላይዊሉን አውጡ፣ ኪይዋን እዩ።

ካልሆነ ምን ይደረግ?

*ገመዱ እጅ ይመታል፣ ወይም ካርቡራተሩ ይተፋል።* አንድ ጊዜ ከሆነ ድጋሚ አትሞክሩ። ኪይዋ ተቆርጣ ወይም ተጣማ ይሆናል። ፍላይዊሉን አውጥታችሁ ሁለቱን ጎድጎዶች ፊት ለፊት አመሳክሩ። በዓይን የማይታይ የሚመስል ትንሽ መጣመም እንኳ እሳቱን ያዛባል።

*ፍላይዊሉ አይነቀልም።* ዳዶውን ከጥርሱ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሳችሁ አስገቡ፤ የክራንኩን ጥርስ ይጠብቃል። ባለ ሦስት ወይም ባለ ሁለት እግር ፑለር (መንቀያ) እምብርቱ አጠገብ ያዙ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ የፑለሩን መሀል ብሎን በመዶሻ አንድ ጊዜ መታ አድርጉ። ጠርዙን በካቻቢቴ እየፈነቀሉ ዳዶውን መደብደብ ፍላይዊሉን ያጣምማል፣ ከጀርባው ያለውን የሞተር አካልም ይሰብራል። እሳት አታድርጉበት፤ ማግኔት ሙቀት ኃይሉን ይወስድበታል።

*የተቆረጠችው ኪይ ግማሽ ክራንኩ ውስጥ ቀርታለች።* ግማሽ ክብ ስለሆነች አንዱን ጫፍ በቀጭን ፓንች ወደ ታች ስትመቱት ሌላው ጫፍ ይነሳል። የተነሳውን በፒንሳ ያዙ። አትሰርስሩት።

*እሳት የለም።* መጀመሪያ የማጥፊያውን ሽቦ ከኮይሉ ነቅላችሁ ሞክሩ። እሳት ከመጣ ችግሩ ሽቦው ወይም ማብሪያው ነው። ካልመጣ ክፍተቱን እንደገና ለኩ፣ የኮይሉ እግሮች ላይ ያለውን ዝገት አጽዱ። ዘይት ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ያለው ከሆነ የዘይቱን መጠን አትርሱ። ኮይል የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

*ሞተሩ ይሠራል ግን በጣም ይንቀጠቀጣል።* ማራገቢያው ጉጡ አልገባም፣ ክንፍ ጎድሏል፣ ወይም ክራንኩ ተጣሟል። ካንዴላውን አውጥታችሁ ፍላይዊሉን በእጅ በቀስታ አዙሩና ከኮይሉ ጋር ያለውን ክፍተት ዙሩን ሙሉ ተመልከቱ። ክፍተቱ በአንድ በኩል የሚሰፋ በሌላው የሚጠብ ከሆነ ክራንኩ ነው፤ ያ ደግሞ የቶርኖ ቤት ጉዳይ ነው።

*አዲስ ኪይ ገብታ እንደገና ተቆረጠች፣ ሾጣጣውም ንጹሕ ነበር።* ከሞተሩ ማዶ ያለውን እዩ። ፓምፑ ውስጥ ድንጋይ ገብቶ የውሃ ማንሻው በድንገት ከቆመ ክራንኩ ይቆማል፣ ፍላይዊሉ ግን ከክብደቱ የተነሳ መዞሩን ይቀጥላል። ኪይ ከመቀየራችሁ በፊት የፓምፑን ሽፋን ፍቱ፣ የውሃ ማንሻውን በእጅ አዙሩ፣ በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ያለው ወንፊት መኖሩን አረጋግጡ።